ለሕፃን ደረቅ ቆዳና ችፌ ከጓዳ ምን ይበጃል?

እህቴ፣ የአምስት ወር ልጅሽ ጉንጩ እንደሻከረ፣ እጅና እግሩ ላይ ቆዳው እየተሰነጠቀ ሌሊት እንደሚነጫነጭ ጽፈሻል። አማትሽ ቅቤ ቀቢው ይሉሻል፣ ጎረቤትሽ ደግሞ የወይራ ዘይት። አንቺ በተፈጥሮ ነገር ላስታግሰው ወይ ነው የምትዪው። የኔም ሁለተኛዋ ልጅ እንዲሁ ነበረች። ኅዳር ገብቶ የአዲስ አበባ ደረቅ ብርድ ሲጀምር ይብስባታል።

ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳ ውሃ አይዝም። እርጥበቱ ይተናል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ዘልቆ ያስቆጣዋል። ዳይፐር ሥር ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ደህና የሚሆነውም እዚያ እርጥበቱ ስለማይጠፋ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር አስተጣጠቡ ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ አይብለጥ። ሳሙናው ሽታ የሌለው ይሁን፤ እሱም ለቂጡና ለብብቱ ብቻ። በፎጣ አትፈትጊው፣ ጫን ጫን እያደረግሽ አድርቂው። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወፈር አድርገሽ ቀቢው። ቫዝሊን የተፈጥሮ ነው እንዴ ትዪኝ ይሆናል። ከፔትሮሊየም ነው የሚሠራው፣ ግን ርካሽ ነው፣ አያቃጥልም፣ እርጥበቱንም ይቆልፋል። ሎሽን ውሃ ስለሚበዛበት ቶሎ ይደርቃል። በቀን ሁለት ሦስቴ ደጋግሚው። ለሃጭ የሚያሻክረውን ጉንጩን ደግሞ ከመተኛቱ በፊት አትርሺ።

ከጓዳ የምመክርሽ ኦትስ ነው። ስኳርም ማጣፈጫም የሌለበትን ገዝተሽ እንደ ዱቄት አልመሽ ፍጪው። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ አማስዪ። ውሃው ወተት ከመሰለ ልሟል፣ ከታች ከዘቀጠ እንደገና ፍጪው። ከዚያ አንድ እፍኝ መታጠቢያው ውሃ ውስጥ በትኚ። ማሳከኩን ያበርድለታል። መጀመሪያ ግን ክንዱ ላይ ትንሽ ቦታ ሞክሪው። ደግሞ ውሃው ያሟልጫል፣ እጅሽ ከልጁ አይለይ።

ንጹሕ የኮኮናት ዘይትም ለብዙ ሕፃናት ይስማማል። የወይራ ዘይት ግን ይቅርብሽ። ኦሌይክ አሲድ የሚባል የቅባት ዓይነት ስለሚበዛበት የቆዳውን መከላከያ ያሳሳል።

ወደ ቅቤው ልምጣ። ለአማትሽ በትሕትና ንገሪያቸው። ያልነጠረ ቅቤ ጀርም ሊኖረው ይችላል። በተሰነጠቀ ቆዳ የሚገባ የምግብ ፕሮቲን ደግሞ ሰውነቱ ያንን ምግብ እንዲጠላው፣ አለርጂ እንዲሆንበት ሊያደርግ ይችላል። ወተትና እንቁላልም እንደዚያው። ቅቤውን ላንቺ ገንፎ ላይ ያድርጉልሽ። ፌጦ፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእሬት ቢጫ ፈሳሽ፣ እነዚህን ጭራሽ እንዳታስጠጊው። የሕፃን ቆዳ ያቃጥላሉ።

ልብሱንም እዪው። እኛ አገር ብርድ እንዳይመታው እያልን ልጅ ደራርበን እንጠቀልላለን። ላብ ደግሞ ማሳከክ ያባብሳል። ቆዳው ላይ የሚያርፈው ጥጥ ይሁን፣ የሱፍ ብርድ ልብስ አይንካው። የዱቄት ሳሙናውን ደህና አድርገሽ አለቅልቂ። ጥፍሩን ቁረጪ። የምታጠቢ ከሆነም ሐኪም ሳያይሽ ወተት ወይ እንቁላል አታቋርጪ።

ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን የመሳሰሉትን፣ ሰው ፊት ለማቅላት የሚቀባቸውን ጠንካራ ቅባቶች፣ በራስሽ ገዝተሽ እንዳትቀቢው። ሐኪም አይቶ ሃይድሮኮርቲሶን የሚባለውን ቀለል ያለ ቅባት ካዘዘለት ግን አትፍሪ። የተቆጣ ችፌ አንዳንዴ በቫዝሊን ብቻ አይበርድም። ሲድን ነጣ ያለ ወይም ጠቆር ያለ ምልክት ቢተው አትደንግጪ፣ በወራት ውስጥ ይጠፋል።

ቢጫ ቅርፊት ካወጣ፣ ፈሳሽ ካለው ወይም ካተኮሰው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቤተሰቡም ሌሊት ሌሊት የሚያሳክከው ከሆነ እከክ ሊሆን ስለሚችል አስመርምሩ። ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ቁስሎች ተሰብስበው ከወጡ ግን ያኔውኑ ሩጪ፣ ለነገ አይባልም። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው የሚያስተላልፈው ቫይረስ ችፌ ባለበት ልጅ ቆዳ ላይ ክፉኛ ይዛመታል። እንዲህ ያለ ሰው ልጁን እንዳይስም ከልክዪ፣ የሚቀየም ይቀየም።