ዓይኑ ይታይ፣ ካርዱ ይሸሸግ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዓምድ በቅርቡ ከባሕር ዳር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በባጃጅ ላይ ስለሚገጠም ካሜራ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ የሚሻ ሆኖ ስላገኘነው ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ ባጃጅ ማሽከርከር ከጀመርሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቀን ቀን በአባይ ማዶና በፔዳ መካከል እየተመላለስሁ፣ ሲመሽ ደግሞ በኮንትራት እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት አብሮኝ ተራ የሚጠብቅ ባልደረባዬ ሁለት ወጣቶችን በኮንትራት ጭኖ ከከተማ ወጣ ሲል፣ ከኋላ አንገቱን በገመድ አንቀው ከጣሉት በኋላ ባጃጁን ይዘውበት ሄዱ። ነፍሱ ተርፋለች፤ ባጃጁ ግን እስካሁን አልተገኘም። በመስታወቱ ጀርባ የሸሸጋት ትንሽ ካሜራ ነበረችው፤ እርሷም ከነቀረጸችው ምስል አብራ ሄደች። አሁን ባለንብረቴ ካሜራ ልግዛልህ ይለኛል። ሻጮቹ «የማይታየው ይሻላል፤ ሌባ አያውቀውም» ይላሉ። እኔ ግን የባልደረባዬን ሳይ ካሜራ ከንቱ ነው ወደማለት አዘንብያለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

አሽከርካሪ፣ ከአባይ ማዶ

መልስ፦ ባልደረባዎ በሕይወት በመትረፋቸው እግዚአብሔር ይመስገን። በእርሳቸው ላይ የደረሰውን አይተው ካሜራን መጠራጠርዎ አያስገርምም፤ እኔ ግን ከንቱ ሆኖ የተገኘው ካሜራው ሳይሆን አቀማመጡ ነው እላለሁ። ካሜራ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ክፉ ያሰበው ሰው ገና ሳይሳፈር ሐሳቡን እንዲለውጥ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ አድራጊውን ማሳየት ነው። የተደበቀ ካሜራ የመጀመሪያውን ሥራ ጨርሶ ሊሠራው አይችልም፤ ሰው ያላየውን ነገር አይፈራምና። ሁለተኛውንም ቢሆን የሚሠራው የተቀረጸው ምስል ከወንበዴው እጅ ካመለጠ ብቻ ነው። ባልደረባዎ ሁለቱንም ያጡት ዓይኑንና ምስሉ የሚቀመጥበትን ካርድ በአንድ ዕቃ አድርገው በአንድ ቦታ በመሸሸጋቸው ነው። የሻጮቹ ምክር ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ነጋዴ ይሠራ ይሆናል፤ ጀርባውን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ በጨለማ ለሚነዳ ሰው ግን የሌባው አለማወቅ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ካሜራ የአሽከርካሪን ሕይወት እንደሚያተርፍ የሚያሳይ ጥናት አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በ26 ከተሞች የተገደሉ የታክሲ አሽከርካሪዎችን ቁጥር መርምረው ውጤቱን በ2013 አሳትመዋል። ከከተሞቹ 8ቱ በታክሲዎቻቸው ካሜራ ያስገጠሙ፣ 7ቱ በአሽከርካሪውና በተሳፋሪው መካከል መከለያ ያደረጉ፣ የቀሩት 11 ደግሞ ሁለቱንም የሌላቸው ነበሩ። ካሜራ ባላቸው ከተሞች የግድያው መጠን ምንም ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ሦስተኛ ግድም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ እነዚሁ ከተሞች ካሜራ ከማስገጠማቸው በፊት ከነበሩበት ጋር ሲተያዩም ልዩነቱ ከዚህ የሰፋ ነበር። መከለያው ግን ይህን የመሰለ ለውጥ አላሳየም። ቁጥሩ የእነርሱ ከተሞችና የእነርሱ ባለአራት በር መኪኖች ቁጥር ስለሆነ ወደ ጣና ዳር እንዳለ ሊሻገር አይችልም። በካሜራውና በመከለያው መካከል ያለው ልዩነት ግን ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መከለያ የመጣን እጅ ለመመከት የሚሞክር ሲሆን ካሜራ እጁ ከመነሣቱ በፊት «ታይተሃል» ይላል።

እኛ ዘንድ መከለያ የማልመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው በመሆኑ በጠባብ መታጠፊያ ሲፈጥን በቀላሉ ይገለበጣል፤ በአሽከርካሪው ጀርባ በየጋራዡ የተበየደ ብረት ደግሞ በግልበጣው ጊዜ ራሱን የቻለ አደጋ ይሆናል። ጎኑ በሸራ የሚዘጋ ተሽከርካሪ ከኋላ በብረት ቢታጠር በጎን በኩል የሚመጣውንም አያግደውም።

ስለዚህ የካሜራው ዓይን ከአሽከርካሪው ራስ በላይ ባለው የፊት ብረት ላይ ወደ ኋላ መቀመጫ ተመልክቶ ይታሰር፤ ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ከማንም በፊት እርሱን ይየው። ከመግቢያው በኩል ባለው ጎን ላይ ደግሞ «በዚህ ባጃጅ ውስጥ ካሜራ ይቀርጻል» የሚል ጽሑፍ ከመንገድ በሚነበብ መጠን ይለጠፍ። በእኔ ግምት ከካሜራው ግማሹን ሥራ የሚሠራው ይህ ርካሽ ጽሑፍ ነው። ምስሉ የሚቀመጥበት ሣጥን ግን ከዓይኑ ተለይቶ በሽቦ ብቻ የሚገናኝ ይሁንና በአሽከርካሪው መቀመጫ ሥር ተቆልፎ ይቀመጥ። እንዲህ ያለው ዓይነት በአንድ ላይ ከተሠራው ይልቅ ዋጋው ከፍ ቢልም ልዩነቱን የሚያወጣው እርሱ ነው። ሲገዙ ካሜራው በጨለማ የሚያይበት ኢንፍራሬድ መብራት እንዳለው ሱቁን አጨልመው ይፈትኑት፤ የሌለው ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚቀርጸው ጥቁር ነገር ብቻ ነው። በክረምት የሚወርደው የፕላስቲክ መጋረጃ የኢንፍራሬዱን ብርሃን መልሶ ወደ ዓይኑ ስለሚያንጸባርቅ አቅጣጫው በመጋረጃ ጭምር ይሞከር።

ባጃጁን ራሱን ለማግኘት የሚያገለግለው ካሜራው ሳይሆን ጂፒኤስ ነው፤ መደበቅ ያለበትም እርሱ ነው። አንዳንዱ ጂፒኤስ ሞተሩን ከሩቅ በስልክ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለው። ባለንብረትዎ ይህን ቢያስገጥሙ አንድ ስምምነት አስቀድማችሁ አድርጉ፦ እርስዎ ከባጃጁ መውረድዎን በድምፅዎ ሳያረጋግጡ ሞተሩ እንዳይጠፋ። ሰው የሌለበት መንገድ ላይ ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ የወንበዴዎቹ ቁጣ የሚወርደው በእርስዎ ላይ ነው።

የቀረው ከዕቃ ውጭ ያለ ነው። ሲመሽ ወደ ዘንዘልማ ወይም ወደ ሰባታሚት ኮንትራት ሲጠየቁ፣ ከመነሣትዎ በፊት ለተራ አስከባሪው ወይም ለባልደረባዎ «ሁለት ሰው ጭኜ ዘንዘልማ ደርሼ እመለሳለሁ» ብለው ተሳፋሪዎቹ እየሰሙ ይንገሩ። ካሜራው በዓይን የሚለውን ይህ በጆሮ ይላል። ንጹሕ ተሳፋሪ አይከፋውም፤ ክፉ ያሰበው ደግሞ ስልክ እንደረሳ ሆኖ ይወርድ ይሆናል፤ ይውረድ። በቴሌግራም ያሉበትን ቦታ ለ8 ሰዓት ያህል ለቤተሰብ ማጋራት ይቻላል፤ ከከተማ ሲወጡ መረብ ሊቆራረጥ ስለሚችል ግን በእርሱ ብቻ አይደገፉ። የዕለቱን ገቢ ሳይመሽ በቴሌብር ያስተላልፉ፤ ኪስዎ ውስጥ የመልስ ብር ብቻ ይቅር። «ትንሽ ወደ ውስጥ ግባ» እየተባለ መድረሻው ከተለወጠብዎት መብራትና ሰው ያለበት ቦታ ላይ ይቁሙና ሂሳብዎን ጠይቀው ያውርዱ። ያም ሳይሆን ቀርቶ ከተያዙ ባጃጁን ይስጡ። ባለንብረትዎም ይህን ከአፋቸው አውጥተው ይንገሩዎት፤ ብዙ አሽከርካሪ የሚጎዳው ወንበዴውን ከመፍራት ይልቅ ባለንብረቱን ፈርቶ ሲታገል ነውና። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን ስርቆትን እንደማይሸፍንም ይወቁት። ገንዘባቸው ለካሜራ ወይም ለስርቆት መድን ከሁለቱ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ መድኑን እመርጣለሁ፤ እርስዎ ያለ ጭንቀት እጅዎን ማንሣት የሚችሉት ያን ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ የሁለት ባጃጆች ባለንብረት ነኝ። አንደኛው ልጅ የሚያስገባልኝ ገቢ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ለደህንነቱ ተብሎ በሚገጠመው ካሜራ ድምፅም እየቀረጽሁ፣ ስንት ሰው እንደጫነና ምን እንደሚያወራ ሳልነግረው ብከታተል ችግር አለው?

ባለንብረት፣ ከቀበሌ 14

መልስ፦ አለው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው የግል ሕይወት ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ሰውን የሚያሳውቅ መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማና ባለጉዳዩ እንዲያውቀው ተደርጎ እንዲሆን ያዝዛል። ለደህንነት ተብሎ የተገጠመ ካሜራ በጓዳ የሂሳብ መቆጣጠሪያ ሲሆን ዓላማው ተለወጠ ማለት ነው።

የድምፁ ነገር ደግሞ ከምስሉ ይከብዳል፤ በባጃጅ ኋላ መቀመጫ ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ትዳሩ፣ ስለ ዕዳው ያወራልና። በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ከተማ ምክር ቤት በታክሲዎች ውስጥ ምስልም ድምፅም ያለማቋረጥ እንዲቀረጽ ደንግጎ ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ኮሚሽነር ድምፁን ሲያግድበት ምክር ቤቱ ይግባኝ ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ተረትቷል። ምስሉን የተቃወመ አልነበረም፤ ከመጠን ያለፈው የሁሉንም ተሳፋሪ ወሬ ሁልጊዜ መቅዳቱ ነበር። እርስዎም የድምፅ መቅረጫውን ያጥፉት።

ገቢው ያሳሰብዎት ከሆነ ከልጁ ጋር ተቀምጠው ነዳጁን፣ የተራውን ርዝመትና ዝናብ የዋለባቸውን ቀናት አብረው ያስሉ። ከእርስዎ ደብዳቤ እንደምረዳው አሽከርካሪው የራሱን ጠባቂ ሊፈራ ነው፤ የሚፈራውን ካሜራ ደግሞ በሻርፕ ሸፍኖት ይውላል፤ ያን ጊዜ እርስዎም ልጁም ጥበቃ አጣችሁ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የፖሊ ተማሪ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር በባጃጅ ስንሄድ ተጨቃጭቀን ነበር። አሽከርካሪው በካሜራው የተቀረጸውን ምስል በቲክቶክ ለጥፎት ፊቴ በግልጽ ይታያል፤ ሰዎች እየሳቁብኝ ነው። ካሜራ እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ በባጃጁ ላይ ስለነበረ መብት የለሽም ይሉኛል። እውነት ነው?

ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ እውነት አይደለም፣ እኅታችን። ጽሑፉ እንደሚቀረጹ አሳወቀዎት እንጂ ለአደባባይ መሳቂያ እንዲሆኑ አልተስማሙም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። በቁጥር 28 ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች መካከል የፍትሕና የፖሊስ ሥራ ይገኝበታል፤ ለአሽከርካሪው የተከፈተለት በር እርሱ ነው፤ በዚያ በር ቲክቶክ አይገባም። የተለጠፈውን ምስል ከነአድራሻውና ከነቀኑ ወዲያው በስልክዎ ያስቀሩ፤ ከተሰረዘ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ በባጃጁ ታርጋ ባለንብረቱን አፈላልገው እንዲያነሡት ይጠይቁ፤ እምቢ ቢሉ እንዲቆምና እንዲካሱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ። ምስሉ የጠብ ወይም የማስፈራራት አስተያየት ካስከተለብዎት ለፖሊስም ማመልከት ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬን ነጥቆኝ የሮጠ ተሳፋሪ በካሜራዬ ተቀርጾ ነበር። ማመልከቻዬ ላይ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ብዬ ብጽፍም ምስሉ ላይ ያለው ቀን ረቡዕ፣ ሰዓቱም 01:00 ሆኖ በመገኘቱ አልተማመንንም። ሌላም ላስቸግር፤ ካሜራው ከተገጠመ ወዲህ ባጃጄ ጠዋት ጠዋት አልነሣ ብሎኛል።

አሽከርካሪ፣ ከፔዳ አካባቢ

መልስ፦ የባትሪው ቀላል ነው። ካሜራዎ ባጃጁ ቆሞም እንዲቀርጽ ተደርጎ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ስለታሰረ ሌሊቱን ሙሉ ይመጠዋል። ኤሌትሪክ ሠራተኛው ሽቦውን በቁልፉ በኩል እንዲያሳልፈውና 12 ቮልቱን ወደ ካሜራው 5 ቮልት የሚያወርደው ዕቃ ፊውዝ እንዲኖረው ይንገሩት።

የሰዓቱ ነገር ግን ብዙዎችን ያስቸገረ ነው። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የእኛ ሌሊት 7 ሰዓት ለእርሱ 01:00 ነው፤ ቀኑንም የሚለውጠው በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ እኛ ገና ማክሰኞ ሌሊት የምንለው ለእርሱ ረቡዕ ሆኗል፤ እርስዎም ምስሉም እውነት ተናግራችኋል። አያቶቻችን «ለረቡዕ አጥቢያ» ሲሉ ይህን ጥርጣሬ ይዘጉት ነበር። ማመልከቻዎን እንዲህ ያርሙት፦ «ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ይህም በካሜራው አቆጣጠር ረቡዕ 01:00 ነው»፤ ቀኑንም በሁለቱም ዘመን አቆጣጠር ይጻፉ። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሜራው ላይ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ሆኖ ይታያል። ሰዓቱን በየሳምንቱ ከስልክዎ ጋር ያስተያዩ፤ የውስጥ ባትሪው ሲሞት ወደ ተሠራበት ዓመት የሚመለስ ካሜራ ብዙ ነው።

ካርዱንም ያስቡበት። ጥራቱ 1080 ፒክስል የሆነ ምስል በሰዓት ከ6 እስከ 7 ጊጋባይት ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ 64 ጊጋባይት ካርድ 9 ሰዓት ገደማ ቀርጾ የቀደመውን እየሰረዘ ይቀጥላል፤ ሁለት ዓይን ያለው ካሜራ ሲሆን ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ነገር ከተፈጠረ በማግስቱ መሥራት ከቀጠሉ እስከ ማታ ማስረጃዎ ተሰርዟል። ያን ሌሊት ካርዱን አውጥተው ሌላ ያስገቡ፤ ምስሉን ሳይቆርጡና ስሙን ሳይለውጡ ግልባጭ ያስቀሩና ዋናውን ካርድ ለፖሊስ ሲያስረክቡ የተቀበሉበትን ፊርማና ቀን በወረቀት ይያዙ።