በጄኔቲክ አልጎሪዝም ቴሲስ ልሥራ ወይ ላልሽው እህት

ጥያቄሽን አየሁት። ጎንደር ማስተርስ እየተማርሽ ነው። ቴሲስሽን በጄኔቲክ አልጎሪዝም (ብዙ መፍትሔ ይዞ የተሻሉትን እየመረጠና እያዳቀለ በሚፈልግ ዘዴ) መሥራት ፈልገሽ ሁለት ርዕስ መሃል ቆመሻል። አንዱ የኮሌጅ ክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። ሌላው የሰብል ቅጠል በሽታ ለሚለይ ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማር ፕሮግራም) ሃይፐርፓራሜትር፣ ማለትም ከሥልጠና በፊት የሚወሰን ቅንብር መፈለግ ነው። ላፕቶፕሽ ጂፒዩ (ሥልጠናን የሚያፈጥን ቺፕ) የለውም። ቀድመው የመለሱልሽ ሁሉ «የኒውራል ኔትወርኩን፣ ዲፕ ለርኒንጉን ያዢ፣ ዘመኑ የሱ ነው» ብለውሻል። እኔ እዚሁ ጎንደር ድልድሉን ሠርቼ ዲፌንድ አድርጌበታለሁ። አንቺ ልበልሽና የማውቀውን ልንገርሽ። ክሮሞዞም ምንድን ነው፣ ሚውቴሽን ምንድን ነው የሚለውን እዘለዋለሁ። እሱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል።

1. ከሁሉም በፊት ሂሳቡን ሥሪ። ሃይፐርፓራሜትሩን ከያዝሽ አንድ ክሮሞዞም (አንድ የመፍትሔ ሙከራ) ማለት አንድ ሙሉ ሥልጠና ማለት ነው። 50 ክሮሞዞም ለ100 ጀነሬሽን (ትውልድ) ብታስኬጂ 5,000 ሥልጠና ነው። አንዱ 3 ደቂቃ ብቻ ቢፈጅ እንኳ 250 ሰዓት ይሆናል። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከ10 ቀን በላይ ማለት ነው። አምስት ፎልድ ክሮስ ቫሊዴሽን (ዳታውን አምስት ቦታ ከፍሎ አምስት ጊዜ ማሠልጠን) ካስገባሽ ደግሞ በ5 አባዢው። የጎግል ሰዎች አሜባኔት የሚባለውን ምስል የሚለይ ኒውራል ኔትወርክ በዚሁ መንገድ ሲፈልጉ 450 ጂፒዩ ለ7 ቀን ያህል አስኬደዋል። አንቺ ያለሽ ነፃ ኮላብ (ጎግል በኢንተርኔት የሚያውሰው ኮምፒውተር) እና ደመና ባየ ቁጥር መብራት የሚሄድበት ሰፈር ነው። ድልድል ግን ጂፒዩ አይጠይቅም። አንድ የክፍል ፕሮግራም ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ነጥብ ለመስጠት ኮምፒውተሩ ዓይን እስክትጨፍኚ እንኳ አይፈጅበትም። የኔ ላፕቶፕ ያረጀ ኮር አይ ፋይቭ ነበር፤ ማታ አስነስቼው ተኝቼ ጠዋት ውጤቱን አነባለሁ።

2. «አይ፣ ሃይፐርፓራሜትሩ ይሻለኛል» ካልሽ ፊትነሱን (የመፍትሔውን ጥሩነት ነጥብ) በቴስት ዳታ፣ ለመጨረሻ ፈተና በሚቀመጠው እንዳትለኪ። አብሮኝ የተማረ ልጅ እንዲህ አድርጎ ነው የወደቀው። ጄኔቲክ አልጎሪዝም ፈተናውን ቀድሞ ያየ ተማሪ ይሆናል። ቴስቱ ላይ ጥሩ ነጥብ የሚያመጣውን ብቻ እየመረጠ በሺህ ጊዜ ያራባል፣ አንቺም ውጤቱ አማረ ብለሽ ትደሰቻለሽ። ልጁ የሚገርም አኪዩረሲ ይዞ ገባ። ፈታኙ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፦ «ይሄን ሲመርጥ ቴስቱን አይቶታል ወይስ አላየውም?» አለቀ። ሁሉንም እንደ አዲስ እንዲያስኬድ መለሱት። ስለዚህ ዳታሽን ሦስት ቦታ፣ ለማሠልጠኛ፣ ለመምረጫና ለቴስት ክፈይ፣ ቴስቱንም እስከ መጨረሻው ቆልፈሽ አስቀምጪው። ፊቸር (ለመለየት የሚጠቅመውን የዳታ መለያ) መምረጥም ብትሠሪ ያው ነው፤ ምርጫው ከክፍፍሉ በኋላ ይሁን።

3. ፊትነስ ፋንክሽኑ እንጂ አልጎሪዝሙ አያስለፋሽም። እ.ኤ.አ. በ2006 ናሳ ባመጠቃቸው ኤስቲ5 በሚባሉ ትንንሽ ሳተላይቶች ላይ በዝግመተ ለውጥ የተነደፈ አንቴና ነበር። ስታዪው የተጣመመ ሽቦ ነው፤ መሐንዲስ ቁጭ ብሎ እንዲህ አይስለውም። አንቴናው የሠራው ግን የሚፈለገው ነገር አንድ በአንድ ተጽፎ ስለተሰጠው ነው። አሁን የኮሌጁን ድልድል የሚፈለገውን ነገር ማን ጽፎ ይስጥሽ? ቢሮ መሄድ አለብሽ።

እዚህ ላይ ቁጥር መስጠቱን ልተወው፣ ምክንያቱም ሆዴ የቆሰለው እዚህ ነው።

የኮሌጁን ስም አልጠራም። የምፈልገው የመምህራን ዝርዝር፣ የክፍሎች ብዛት፣ የሴክሽን ቁጥር ብቻ ነው። ከዲፓርትመንት ደብዳቤ አጽፌ ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቀና ብላም አላየችኝ። «ለሚመለከተው ሁሉ ይላል፤ እኛን ማን ይመለከታችኋል አለን?» ብላ መለሰችው። በስማቸው አስተካክዬ መጣሁ። አሁን ደግሞ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ኃላፊው ሲገኙ «የመምህራን ስም ሚስጥር ነው» አሉኝ። ሚስጥር! ያው ፕሮግራም እኮ ከቢሯቸው በር ውጭ፣ ግድግዳው ላይ በስኮች ተለጥፏል። የሁሉም መምህር ስም፣ ክፍልና ሰዓት አለበት። ወጥቼ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ጥበቃው ደርሶ «አጥፋ!» አለኝ። አጠፋሁ፤ ግን ግድግዳው አይጠፋም። ደብተር አውጥቼ ቆሜ ገለበጥኩት፣ በደብተር መገልበጥ የሚከለክል መመሪያ አላገኘም።

ደግነቱ ስገለብጥ አንድ ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያዩኝ ነበር። ለካ ያንን ፕሮግራም በየሴሚስተሩ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ወደ ቢሯቸው ወሰዱኝ። ትልቅ ወረቀት በማስመሪያ ተሰምሮ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ቦታ ቦታውም እስኪሳሳ ድረስ ተፍቋል። ማንም መጽሐፍ ላይ የማታገኚውን ሕግ እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። እኚህ መምህር ከአዘዞ ነው የሚመጡት፣ ቅዳሜ ጠዋት ታክሲውን ገበያተኛ ስለሚይዘው 2 ሰዓት ላይ ክፍል አይሰጣቸውም። እነዚህ ሁለቱ ማታ ሌላ ቦታ ያስተምራሉ፣ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለባቸው። የዚህ ሴክሽን ተማሪ በዊልቸር ነው የሚሄደው፣ ሴክሽኑ ምን ጊዜም ምድር ቤት ነው የሚማረው። አየሽ፣ ይሄ የመጨረሻው የትም አልተጻፈም። እሳቸውን ባላገኝ ኖሮ ኮዴ ልጁን ሦስተኛ ፎቅ ይመድበው ነበር፣ ፊትነሱም «ምርጥ» ይለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። የማይጣሱትን ሕጎች፣ ማለትም አንድ መምህር ሁለት ቦታ እንዳይገኝ፣ የምድር ቤቱን ነገር፣ እያንዳንዳቸውን ሲጣሱ 1,000 አስቀጣኋቸው። ቢቀር ይሻላል የሚባሉትን በ1 እና በ5። አንድ የምታስተውይው ነገር፦ ጄኔቲክ አልጎሪዝምን ያስተዋወቀው ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 መጽሐፉን ካሳተመ ጀምሮ የመማሪያ ምሳሌው በ0 እና 1 የተጻፈ ክሮሞዞም ነው፣ መሃል ላይ ቆርጠሽ ታለዋውጫለሽ። ፕሮግራምን እንደዚያ ብትቆርጪው አንዱ ኮርስ ሁለቴ ይመጣል፣ ሌላው ጭራሽ ይጠፋል። ወይ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ክሮስኦቨር (ሁለት መፍትሔ የማዳቀያ መንገድ) ተጠቀሚ፣ ወይ ከተቆረጠ በኋላ የሚጠግን ፋንክሽን ጻፊ። ፖፑሌሽኑ (የመፍትሔዎቹ ስብስብ) በጥቂት ጀነሬሽን ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ቁጭ ካለ ደግሞ ቶርናመንቱን (ለመመረጥ በአንዴ የሚወዳደሩትን ብዛት) አሳንሺ፣ ሚውቴሽኑን (የዘፈቀደ ለውጡን) ከፍ አድርጊ።

ዲፌንስ ላይ ምን እንደሚሉሽ ልንገርሽ። «ኖቬልቲው (አዲሱ ነገር) የታለ? አሁን እኮ የግራጫ ተኩላ አልጎሪዝም አለ፣ የዓሣ ነባሪ አልጎሪዝም አለ፣ ለምን በዚያ አልሠራኸውም?» አሉኝ። እንስሳ መቁጠር ጀመሩ። እኔ ይሄ እንደሚመጣ ስለማውቅ ተዘጋጅቼ ነበር። በዘፈቀደ የሚፈልግ ኮድና ሲሙሌትድ አኒሊንግ (አንድ መፍትሔን ጥቂት በጥቂት እየለወጠ የሚፈልግ ሌላ ዘዴ)፣ እኩል የፊትነስ ስሌት ብዛት ተሰጥቷቸው፣ እያንዳንዳቸው 30 ጊዜ በተለያየ ሲድ (የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር) ሮጠው፣ በዊልኮክሰን (ልዩነቱ የአጋጣሚ መሆን አለመሆኑን በሚፈትን የስታቲስቲክስ ዘዴ) ተወዳድረው ስላይዱ ላይ ነበሩ። ዘፈቀደው ሩቅ ቀረ። አኒሊንጉ ግን በጣም ተጠጋኝ፣ እሱንም ሳልደብቅ አሳየሁ። ዎልፐርትና ማክሬዲ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ለሁሉም ችግር የሚበልጥ አንድ አልጎሪዝም እንደሌለ አሳይተዋል አልኳቸው፣ ስለዚህ ጥያቄው የእንስሳው ስም አይደለም። ዝም ተባለ። ኤ አገኘሁ፣ ልኩራ እንጂ ምን አለበት።

ኮሌጁ ውጤቱን ወስዶ ምን አደረገው እንዳትዪኝ። ኮፒውን ሰጠኋቸው፣ ያቺው የመዝገብ ቤት ሴትዮ ፈርማ ተቀበለችኝ፣ እስከ ዛሬ ፕሮግራሙ በእርሳስ ነው የሚወጣው። ጋሼ ብቻ ደውለው «የቅዳሜዋን አስገብተሃታል?» አሉኝ።

እንግዲህ ድልድሉን ከያዝሽ በፓይተን ዲፕ የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀሚ፣ ዲ ኢ ኤ ፒ ተብሎ የሚጻፈውን፣ ከዲፕ ለርኒንግ ጋር እንዳታምታቺው። መብራት ሲሄድ እንዳታለቅሺ በየ10 ጀነሬሽኑ ፋይል ላይ እንዲያስቀምጥ አድርጊው። ኮዴን ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ደብዳቤው ግን በዚህ ሳምንት ይውጣ። በቢሮው ስም ይጻፍ፣ ወጪ ቁጥር ይኑረው፣ ቲተሩ ፊርማው ላይ በደንብ ይታይ፣ ለዲኑ ግልባጭ ይደረግ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሂጂ። አርብ ከሰዓት ሰው የለም፣ የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አትሞክሪው።