የአንባቢያን ጥያቄ፦ ደባርቅ ላይ ማራቶን ልንሮጥ ነው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ? ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር የምንኖር አምስት ጓደኛሞች ነን። ጠዋት ጠዋት ወደ አዘዞ እየወረድን ሶምሶማ እንሮጣለን። አሁን ታኅሣሥ ላይ ደባርቅ ሄደን ሙሉ ማራቶን ለራሳችን ልንሮጥ ነው። ውድድር አይደለም፣ ሜዳሊያም የለውም። ከከተማው ተነስተን በዳባት መንገድ 21 ኪሎ ሜትር ሄደን እንመለሳለን። አንዱ ጓደኛችን ግን «በሊማሊሞ ቁልቁል እንውረድ፣ ይቀለናል» ይላል። ሌላው ደግሞ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ካልሆነ አልሮጥም ብሏል። ከመሀላችን አንዷ በጣም ፈጣን ናት፣ እኔ ደግሞ ትንሽ ክብደት አለኝ። አብረን መጨረስ እንችላለን? (ከማራኪ)

መልስ፦ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያንን የሊማሊሞ ጓደኛችሁን አምጡልኝና ላናግረው።

ወንድሜ፣ ቁልቁለት የሚቀለው ለትንፋሽ ነው እንጂ ለእግር አይደለም። ስትወርድ ፍሬን የሚይዝልህ የታፋህ ጡንቻ ነው፣ እየተለጠጠ ነው የሚሠራው፣ ጡንቻን ደግሞ እንደዚህ የሚቀጠቅጠው ሥራ የለም። መጀመሪያ ላይ ትበራለህ። ከዚያ እግርህ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። በማግስቱ ደረጃ የምትወርደው ግድግዳ ይዘህ ነው፣ ሽንት ቤት ስትቀመጥ የምታወጣውን ድምፅ አልነግርህም። ሊማሊሞ ደግሞ በጣሊያን ጊዜ ከገደሉ ላይ የተቆረጠ ጥምዝምዝ መንገድ ነው፤ ሹፌሩ የሚያይህ ከታጠፈ በኋላ ነው። ይቅር።

ፓርኩ ሌላ ነገር ነው። ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት (የፓርክ አጃቢ) ተመድቦላችሁ ነው የምትገቡት። ስካውቶቹ የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ ያንን ዳገት ከእናንተ በተሻለ ይወጡታል፣ ግን ሰውን «42 ኪሎ ሜትር ጠመንጃ ይዘህ ተከተለን» ማለት ነውር ነው። ፓርኩን በማግስቱ በእግር ግቡበት። ጭላዳ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ስትራመዱ የደነዘዘው እግር ይፍታታል።

የዳባቱ መንገድ ይሻላል። ሄዶ መመለስ መሆኑ ራሱ ጥቅም አለው፣ እመለስበታለሁ። የገበያ ቀን ግን እንዳይሆን፣ አህያና አይሱዙ መሀል ነው የምትሮጡት። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ከፍታው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ከ2,800 ያልፋል። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ይቀንሳል። «እኛ ደገኞች ነን፣ ምን ያደርገናል» የሚል አይጠፋም። ማሞ ወልዴም ደገኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ከጎንደር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ፣ የኦሊምፒኩን ማራቶን ሲያሸንፍ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ፈጅቶበታል። አበበ ቢቂላ ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ቶኪዮ ላይ የገባው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው። የስምንቱ ደቂቃ ልዩነት በሙሉ የከፍታ ነው አልልም። ግን ዓለምን ያሸነፈ ሰው እንደዚያ ካዘገመ፣ የእኛን አስቡት።

ስለዚህ የአዘዞ መንገድ ሰዓታችሁን ደባርቅ ይዛችሁ አትሂዱ። መለኪያችሁ ወሬ ይሁን። እየሮጣችሁ ማውራት ከቻላችሁ ጥሩ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርሱ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቀንሱ። ዳገት ሲመጣ ተራመዱ። ዳገት ላይ መራመድ ሽንፈት የሚመስለን በቴሌቪዥን የምናየው የአስፋልት ሩጫ ስለሆነ ነው፤ ተራራ ላይ የሚወዳደሩት ጎበዞቹ ራሳቸው ዳገቱ ሲብስ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይራመዳሉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ግን ቀልድ የለም፣ የመጣበት ሰው ሩጫውን ያቆማል።

ልምምዱንም አዘዞ ላይ ብቻ አታድርጉት። አንዳንድ ቅዳሜ ፊታችሁን አዙሩና በወለቃ በኩል ወደ ኮሶዬ መንገድ ውጡ። ረጅሙ ሩጫችሁ 30 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ይበቃል፣ ሙሉውን 42 አስቀድሞ መሮጥ አያስፈልግም።

አብሮ ስለመጨረስ የጠየቅከኝን ልመልስ። አይሆንም፣ ባይሆንም ይሻላል። ፈጣኗ በየኪሎ ሜትሩ ቆማ ስትጠብቅህ በዚያ ብርድ ላቧ ይደርቅባታል፣ እግሯ ይተሳሰራል። አንተ ደግሞ እንዳታስጠብቃት ብለህ ከአቅምህ በላይ ትሮጥና 30ኛው ላይ ትዘረራለህ። ከዚያ ማኩረፍ ይመጣል። አንድ ነገር ማታውኑ ተስማሙ፦ እስከ መመለሻው በአንተ ፍጥነት፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም በራሱ። አዎ፣ በአንተ፣ ከሁሉም በሚያዘግመው። ፈጣኗ መጀመሪያ ላይ ብትናደድም ከ35 በኋላ ታመሰግንሃለች። ማንም ግን ብቻውን አይቅር፣ አንድ ሰው አብሮህ ይሁን። ሄዶ መመለሱ ጥሩ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው፤ መንገዱ ያው ስለሆነ፣ ውሃና ጋቢ የጫነ አንድ ባጃጅ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው እየተመላለሰ ሁላችሁንም ማየት ይችላል። እሱ ላይ የሚቀመጥ የማይሮጥ ጓደኛ ፈልጉ። ጉልበቱን የሚያመው አንድ ሰው መቼም አይጠፋም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔም ለማራቶን እየተዘጋጀሁ ነው፣ ግን የነቢያት ጾም ሊገባ ነው። እንዴት ላድርግ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል፣ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ጾሙ ኅዳር 15 ሲገባ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ጠዋት አድርጊው። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፣ ሮጠሽ እንደገባሽ የጾሙን ምግብ መብላት ትችያለሽ። እሁድ ለቅዳሴ ይቅር። በሌላው ቀን የምትቆዪ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀለል ያለ ነገር ብዪና አስራ አንድ ሰዓት ላይ አጭር ሶምሶማ ሩጪ። ባዶ ሆድ ሮጦ ከዚያ ሰዓታት መቆየት ግን ሰውነትን መብላት ነው።

ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ጡንቻሽን ይጠግንልሻል። ቡናውን ግን ከምግብ በኋላ ወዲያው አትጠጪ፣ ከእህሉ የምታገኚውን ብረት ያስቀርብሻል፣ ሴት ሯጭ ደግሞ ብረት ያስፈልጋታል። መንገድ ላይ በሶ ጭብጦ በትንንሹ ቆርሰሽ ያዢ፣ ወይ ሙዝ። ውሃውን ሲጠማሽ ጠጪ። ዝም ብሎ ብዙ ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያሳሳል፣ አደገኛም ነው፤ ጨውና ስኳር ጣል አድርጊበት። በሩጫው ቀን አዲስ ምግብ አትሞክሪ።

ጥያቄ፦ የቦንዳ ጫማ ለማራቶን ይሆናል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ከመረጥከው ይሆናል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ከኋላ እየው፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተወው፣ የድሮ ባለቤቱን አረማመድ ተሸክሞ ነው የመጣው። ሶሉን በአውራ ጣትህ ተጫነው፣ ድርቅ ካለ ስፖንጁ ሞቷል። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጧል ብለህ እንዳትከራከረኝ፣ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በሦስት ደቂቃ አሻሽሎታል። ከጣትህ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ይትረፍ፣ እግር ያብጣል፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጣት ይጋጫል። ጥፍርህንም ከሁለት ቀን በፊት ቁረጠው።