ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላትን በድምፅ ወይስ በትርጉም እንክፈል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል የገባችው ልጄ የጂኦግራፊና የባዮሎጂ መጻሕፍቷን ስታነብ ረጃጅም ቃላት ያስቸግሯታል። አስጠኚዋ እያጨበጨበች በድምፅ እንድትከፋፍላቸው ይነግራታል፤ ታላቅ ወንድሟ ግን በቃሉ ሥር ፊትና ኋላ የሚቀጠሉትን መነሻና መድረሻ እንድትለይ ይመክራታል። የማንን ምክር ትከተል?

መልስ፦ ሁለቱም መንገዶች ትክክል ናቸው፤ አገልግሎታቸው ግን ይለያያል። በድምፅ መክፈል ቃሉን አጥርቶ ለመጥራትና ፊደል ሳይገድፉ ለመጻፍ ይረዳል፤ በትርጉም መክፈል ደግሞ የቃሉን ፍቺ ይገልጣል። የትምህርት መጽሐፍ የሚነበበው ለመረዳት በመሆኑ፣ እኔ ቅድሚያውን ለወንድሟ ምክር እሰጣለሁ።

‹ዲፎረስቴሽን› የሚለውን ቃል እንመልከት። በድምፅ ሲከፈል ዲ-ፎ-ረስ-ቴ-ሽን ሆኖ 5 ሲላብሎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ አናባቢ ድምፅ ያላቸው ክፍሎች፣ ይኖሩታል። በትርጉም ሲከፈል ግን 3 ክፍሎች ብቻ አሉት፦ ማስወገድን የሚያመለክተው ‹ዲ›፣ ደን ማለት የሆነው ‹ፎረስት› እና ድርጊቱን ስም የሚያደርገው ‹ኤሽን›። እዚህ ላይ የ‹ፎረስት› መጨረሻ የሆነው ‹ቲ› በአነጋገር ከሥሩ ተላቅቆ ወደሚቀጥለው ሲላብል ስለሚሻገር፣ በጭብጨባ ብቻ የምትከፍል ተማሪ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የምታውቀው ‹ፎረስት› ተቆርሶ ይሰወርባታል። ‹ዲ›ንና ‹ኤሽን›ን ለይታ ከያዘች ግን ‹ዲሃይድሬሽን› ሲያጋጥማት፣ ‹ሃይድር› ከግሪክኛ የመጣ ውኃን የሚያመለክት ሥር መሆኑን ማወቅ ብቻ ይበቃታል።

ይህ አሠራር ለልጅዎ እንግዳ አይደለም። ‹አልተመለሰችም› ስትል ‹አል› እና ‹ም› አሉታን፣ ‹ች› ደግሞ ሴት መሆኗን እንደሚያሳዩ፣ ‹ተመለሰ› መካከል ላይ እንዳለ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ መነሻ የሚመስል ሁሉ መነሻ አይደለም። ‹ዴንቲስት› የሚለው ቃል የሚጀምረው በ‹ዲ› እና በ‹ኢ› ፊደላት ቢሆንም፣ ትክክለኛ ክፍሎቹ ጥርስ ማለት የሆነው ‹ዴንት› እና ባለሙያን የሚያመለክተው ‹ኢስት› ናቸው። ስለዚህ መነሻውን ካነሣች በኋላ የቀረው ትርጉም ያለው ሥር መሆኑን ታረጋግጥ።

በድምፅ ስትከፍል የምትቆጥረው የሚሰሙትን አናባቢ ድምፆች እንጂ የተጻፉትን አናባቢ ፊደላት አይደለም፤ ‹ሆፕ› በጽሑፍ ሁለት አናባቢዎች ቢኖሩትም የመጨረሻው ‹ኢ› ስለማይነበብ አንድ ሲላብል ነው። በቃላት መጨረሻ የሚገኙትን ‹ቲ›፣ ‹አይ›፣ ‹ኦ›፣ ‹ኤን› የተባሉ ፊደላትም ነጣጥላ ሳይሆን በአንድነት ‹ሽን› ብላ ታንብባቸው። ስትጠራጠር መዝገበ ቃላት ታገላብጥ፤ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሲላብሎቹን በነጥብ ከመለየታቸውም በላይ የትኛው ጎላ ተደርጎ እንደሚነገር ምልክት ያደርጉበታል።