ሪፋይነሪ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ዘንድሮ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ትጨርሻለሽ። አንድ የውጭ ነዳጅ ማጣሪያ ኩባንያ ጀማሪ ኢንጂነሮች እንደሚፈልግ አይተሻል፤ ደሞዙም ያጓጓል። ስሙን ስትፈልጊ ግን የብክለት ቅጣትና የእሳት አደጋ ወሬ መጣብሽ። ድሮ በቦቴ ከአሰብ ነዳጅ ያመላልሱ የነበሩት አባትሽ «እንጀራ ነው፣ ግቢ» ይሉሻል። አንቺ ግን ልብሽ አልቆረጠም።

አባትሽ እውነት አላቸው። የአሰቡ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተዘጋ ወዲህ ይሄን ሙያ እዚሁ ቅርብ የሚማሩበት ቦታ ጠፍቷል። ያንቺም ስጋት ተገቢ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ የሚያጣራ ሁሉ የሰልፈር ጋዝ፣ ዘይት የነካው ውሃና ዝቃጭ ይወጣዋል። ምንም የማይወጣው ማጣሪያ ፈልገሽ አታገኚም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ባለሙያው «ይሄ አደጋ አለው» ሲል ኩባንያው ምን እንዳደረገ ነው።

ሸቭሮን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ ኩባንያ ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ ያለውን ማጣሪያ እንይ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2012 አንድ ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ድፍድፉ ውስጥ ያለው ሰልፈር ብረቱን ለዓመታት ከውስጥ ሲበላው ኖሯል። ቧንቧው ያለበትን የማጣሪያውን ክፍል ሥራ ሳያቆሙ፣ የሚያፈስበትን ለማግኘት የቧንቧውን ሽፋን መግፈፍ ያዙ። ቧንቧው ተቀደደ። 19 ሠራተኞች በነዳጅ ጉም ተዋጡ፤ እግዜር ይመስገን ሁሉም ተረፉ። ጭሱ ግን ከተማው ላይ ወርዶ 15,000 ያህል ሰው ወደ ሕክምና ሄደ። እኔን ያሳዘነኝ መርማሪዎች በኋላ ያገኙት ነው። የኩባንያው የራሱ ባለሙያዎች እነዚህ ቧንቧዎች በሙሉ ይፈተሹ ወይ ይቀየሩ ብለው ለዓመታት ሲመክሩ ነበር። ሰሚ አላገኙም። በዓመቱ ኩባንያው 2 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትና ካሳ ለመክፈል ተስማማ።

ያን ምክር የጻፈው ኢንጂነር ምን ተሰምቶት ይሆን? ነገ እዚያ ወንበር ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የኩባንያውን የችግኝ ተከላ ፎቶ ተዪውና የመርማሪዎችን ሪፖርት አንብቢ። ያው ጥፋት ከተደጋገመ ራቂው። አንዴ አጥፍቶ ቧንቧውንም አሠራሩንም የቀየረ ግን ጥሩ ትምህርት ቤት ሊሆንሽ ይችላል። ኢንተርቪው ላይ ደግሞ ይሄን ጠይቂ፦ «የሚያፈስ ነገር ባይ ክፍሉን ማስቆም እችላለሁ? ባለፈው ዓመት በሠራተኛ ጥያቄ የቆመበት ጊዜ አለ?» አዲስ ተመራቂ ነኝ ብለሽ እንዳትፈሪ። የሚመልስልሽ ሰው ምሳሌ ካጣ ብዙ ነገር ነግሮሻል።

እስከዚያው እዚያው ኮምቦልቻ የሚሠራ አለልሽ። የከተማሽ ፋብሪካዎች ፍሳሽ መጨረሻው ቦርከና ወንዝ ነው። ታች ያለው ገበሬ በዚያ ውሃ ያጠጣል፣ ከብቱም ይጠጣዋል። ኢንተርንሺፕሽን የፍሳሽ ማጣሪያ ባለው ፋብሪካ ለምነሽም ቢሆን እዚያ ክፍል ውስጥ አሳልፊ። የመመረቂያ ፕሮጀክትሽም እሱ ላይ ይሁን፤ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለኪ፣ ክሮሚየም የሚባለውን ብረት ለኪ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ንም አንብቢው፣ አጭር ነው። እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲቪሽ ላይ ከማንኛውም የኦንላይን ሰርተፍኬት ይበልጣል።

ማመልከቻውን ቀኑ ሳያልፍ አስገቢ፤ ማመልከት ውል መፈረም አይደለም። የፕሮጀክትሽን ሐሳብ በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን። አባትሽንም ሰላም በይልኝ።