መልስ፦ «አንካት ጄምስ» ተመልካቹን ለምን ከፋፈለ?

ውድ ጠያቂ፣ «አንካት ጄምስ» (Uncut Gems) የተባለውን የቁማርተኛ ታሪክ ፊልም አንዱ ድንቅ ሲለው ሌላው መጨረስ የሚያቅተው ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚህ ጅማ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ሳየው ሁለቱ ከመሐል ተነሥተው ስለወጡ ጥያቄዎ በሚገባ ገብቶኛል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ሐያስያን እጅግ ቢያወድሱትም፣ ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን የሚጠይቀው ሲኒማስኮር የመዘገበው ውጤት ሲ ፕላስ ብቻ ነበር።

በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት ዳይሬክተሮቹ፣ ወንድማማቾቹ ሳፍዲ፣ ለተመልካቹ ዕረፍት አለመስጠታቸው ነው። ሰዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይጮኻሉ፤ ሀዋርድ የተባለው ጌጣጌጥ ነጋዴም ዕዳውን ሊከፍልበት የሚገባውን ገንዘብ መልሶ መላልሶ በቅርጫት ኳስ ውጤት ላይ ያስይዘዋል። ሀዋርድን ሆኖ የሚተውነውን አዳም ሳንድለርን በቀልድ ፊልሞቹ የሚያውቅ ሰው ለመሣቅ ተዘጋጅቶ ይቀመጥና በጭንቀት ተውጦ ይነሣል። የወጡት ጓደኞቼ «ሕይወቱን በገዛ እጁ ለሚያበላሽ ሰው ለምን እንዘን?» ነበር ያሉት። እኔ ግን በሰፈራችን የውርርድ ቤት ትኬት ጨብጠው በስክሪኑ ላይ የሚያፈጡ ወጣቶችን በየዕለቱ ስለማይ፣ ጭንቀቱ የበሽታው ትክክለኛ መልክ ሆኖ ተሰማኝ፤ ቁማርተኛውን አስሮ የሚይዘው ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ያለችው ቅጽበት ናትና።

ፊልሙ የሚከፈተው ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ በሚወጣበት የወሎ ማዕድን ማውጫ፣ እግሩ ክፉኛ በተጎዳ ሠራተኛ ነው። ከዚያ የወጣው ድንጋይ ኒው ዮርክ፣ ሀዋርድ እጅ ከደረሰ በኋላ ያ ሰው ዳግመኛ አለመታየቱ እኔን ከሀዋርድ ዕጣ ይበልጥ አሳዝኖኛል።