ስለ ራቪ ሻንካር ጠይቁ፤ ስለ ቢትልስ ግን አንድ ጊዜ ብቻ

ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ሲታር የሚባለውን የሕንድ ባለ አውታር መሣሪያ ይጫወት ስለ ነበረው ስለ ራቪ ሻንካር የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ሕንድ አገር ስማር ትርፍ ጊዜዬን ሁሉ ያሳለፍሁት አንድ ሲታር ጠጋኝ ሱቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ መሣሪያው አውቃለሁ፤ ስለ ሰው ትዳር አላውቅም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አላፑን አትዝለሉ። አላፕ ታብላ የሚባለው ጥንድ ከበሮ ከመግባቱ በፊት ያለው ዝግ ያለ መክፈቻ ነው። እርሱን ዘልሎ «ሙዚቃው አልገባኝም» የሚል ሰው ለ«እትዉ በሰላም» ደርሶ ቅዳሴው አጠረብኝ እንደሚል ነው።

ሽመል፦ ጋሼ፣ ቢትልስን ሲታር ያስተማራቸው እርሱ ነው?

መልስ፦ ያስተማረው ከእንግሊዙ የቢትልስ ባንድ አባላት አንዱን፣ ጆርጅ ሃሪሰንን ነው። ጆርጅ በ1965 በአንድ ዘፈን ላይ ሲታር ተጫወተ፣ በ1966 ለንደን ላይ ተገናኙ፣ በዚያው ዓመት ሕንድ ሄዶ ጥቂት ሳምንታት ተማረ። ሳምንታት! ይህ ጥያቄ እዚህ ላይ ተዘጋ።

የሐዋሳው፦ ስለ ሕንድ ሙዚቃ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ «በአጠቃላይ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ማለዳ፦ ማይሃር ማይሃር ሲባል እሰማለሁ። ምን ነበር እዚያ?

መልስ፦ ይህ ነው ጥያቄ። ማይሃር በመካከለኛው ሕንድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ኡስታድ አላውዲን ካን በገዢዋ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ነበሩ። ራቪ ደግሞ በ1920 ቤናሬስ ተወልዶ፣ በአሥር ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ከኡዳይ ሻንካር የዳንስ ቡድን ጋር ፓሪስ የገባ፣ ጭብጨባና ጥሩ ልብስ የለመደ ልጅ ነው። አላውዲን ካን በ1935 ከቡድኑ ጋር አውሮፓን ሲዞሩ አዩት። መማር ከፈለግህ ሁሉን ትተህ ማይሃር ና አሉት። በ1938 ራሱን ተላጭቶ፣ ሻካራ ልብስ ለብሶ፣ የቆርቆሮ ሳጥን ይዞ ደረሰ። 18 ዓመቱ ነበር።

ከእናንተ መካከል ለቅኔ ዋሸራ ወይም ጎንጅ የወረደ ካለ ቀሪውን እርሱ ይንገራችሁ። መጽሐፍ የለም። መምህሩ ያዜማሉ፣ ተማሪው በአውታሩ ይመልሳል፣ እስኪሰምርለት ይደግማል። አላውዲን ካን ቁጡ ነበሩ፤ የገዛ ልጃቸውን አሊ አክባርን ይገርፉት ነበር። ራቪን አልመቱትም። አንድ ቀን ግን ሂድና እንደ ሴት ልጅ አምባር ገዝተህ እጅህ ላይ አድርግ ብለው ቢቆጡት ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ሕንዶች እንዲህ ያለውን የትምህርት ሐረግ ጋራና ይሉታል። ልክ እንደ ቅኔ ቤት፣ አንድ ሰው ሲጫወት የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ጉድ ፈላ፦ ሲታር ከተባለ ቪላያት ካን ነው። ራቪ ሻንካር ፈረንጅ ስለ ወደደው የገነነ ነው።

ቆቅ፦ በ1949 ዴልሂ ላይ የሕንድን ሬዲዮ ኦርኬስትራ መምራት ሲጀምር የትኛው ፈረንጅ ያውቀው ነበር?

ጉድ ፈላ፦ ቪላያት እኮ የመንግሥትን የክብር ሽልማት ደጋግሞ አልቀበልም ያለ ሰው ነው!

ቆቅ፦ ሽልማት መመለስ ጣት አያፍታታም።

መልስ፦ ሁለታችሁም ውጭ ወጥታችሁ ጨርሱት። ልዩነቱ አውታሩ ላይ ነው። የራቪ ሲታር ወፍራም የታችኛ አውታሮች አሉት፤ አላፑ ወደ ጥልቁ የሚወርደው በእነርሱ ነው። ቪላያት እነርሱን አንሥቶ ቀሪውን እንደ ሰው ጉሮሮ እንዲዘፍን አደረገው። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ። አላፑን ሳልዘልል።

ማለዳ፦ ባለቤቱ አናፑርና ዴቪ ትበልጠው ነበር ይባላል። መድረክ የተወችው በእርሱ ምክንያት ነው?

መልስ፦ የሰው ጓዳ አልገባም ብያለሁ። የአላውዲን ካን ልጅ ናት፤ ድምፁ ወፍራም የሆነውን ትልቅ ሲታር፣ ሱርባሃርን፣ ትጫወት ነበር። በ1941 ተጋቡ፣ በኋላ ተለያዩ፣ እርሷም ከአደባባይ ራቀች። ስለ እርሷ ማወቅ የፈለገ ያስተማረቻቸውን ኒኪል ባነርጂንና ዋሽንተኛውን ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያን ይስማ።

የሐዋሳው፦ ዘፋኟ ኖራ ጆንስ ልጁ ናት?

መልስ፦ ናት። ሲታር ተጫዋቿ አኑሽካም ልጁ ናት። ቀጥሉ።

ሽመል፦ አሜሪካ ዉድስቶክ የሙዚቃ ድግስ ላይ ከቢትልስ ጋር ሲጫወት...

መልስ፦ ቢትልስ ዉድስቶክ አልነበሩም! እርሱ በ1969 ዝናብ ላይ ተጫውቶ በኋላ ተጸጽቶበታል። ከዚያ በፊት በ1967 ሞንተሬይ በተባለው ሌላ የአሜሪካ የሙዚቃ ድግስ ላይ ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ሲያቃጥል አይቶ ደንግጧል፤ በእርሱ ቤት መሣሪያ የሚሰገድለት ነገር ነውና። ከዚያ ዘመን አንድ ነገር ምረጥ ብትሉኝ የ1971ን የባንግላዴሽ ኮንሰርት እመርጣለሁ። ለስደተኞቹ እርዳታ ይሰብሰብ ብሎ ጆርጅን የለመነው ራቪ ነው። ኒው ዮርክ ላይ ሲታሩን ሲቃኝ ሕዝቡ አጨበጨበ። ቅኝቱን እንዲህ ከወደዳችሁት ጨዋታውን ደግሞ የበለጠ እንደምትወዱት ተስፋ አደርጋለሁ አላቸው።

ቆቅ፦ ራጋ ማለት ቅኝት ነው አይደል? ቡፓሊ የሚባለው ራጋ የእኛው ትዝታ ነው ይላሉ።

መልስ፦ አምስቱ ድምፆች ከሜጀር ትዝታ ጋር አንድ ናቸው፤ እውነት ነው። ራጋ ግን በድምፆቹ ብቻ አይለይም። ዴሽካር የሚባል ራጋ እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዞ ሌላ ራጋ ነው፤ የሚያርፍበት ድምፅ ይለያል፣ አካሄዱ ይለያል። ቡፓሊ ለምሽት፣ ዴሽካር ለጠዋት ነው። ይህን የምትለዩት ደግሞ የት ላይ መሰላችሁ? አላፑ ላይ!

ወለተ በገና፦ ጋሼ፣ ሲታር ሲመታ ያ እንደ ንብ የሚያጉረመርመው ድምፅ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ አንቺ ስምሽ በገና ሆኖ ይህን ትጠይቂኛለሽ? ከበርኩማው፣ አውታሩ ከሚያርፍበት ድጋፍ፣ ነው። በበገናሽ እያንዳንዱ አውታርና በርኩማ መካከል እንዚራ፣ ማለትም ቁራጭ ቆዳ፣ ታስገቢ የለ? አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካካ ያጉረመርማል። የሲታር በርኩማ ሰፊና ከላይ በጣም በስሱ የጎበጠ ነው፤ ከአጥንት ወይም ከአጋዘን ቀንድ ይሠራል። አውታሩ ያንን ጉብታ እየላሰ ይነዝራል። ጃዋሪ ይሉታል። ሲጫወቱበት አውታሩ በርኩማውን እየቦረቦረ ድምፁን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ ጠጋኙ ይሞርደዋል። እኔ ባየሁት ሱቅ አዛውንቱ ሁለት ጊዜ ፋቅ አድርገው አውታሩን መልሰው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ እንደገና ፋቅ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ በርኩማ! በስልክ ድምፅ ማጉያ ስትሰሙት ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ስለዚህ በስልክ አትስሙ። የሲታር ገላ ቅል ነው፣ አሥሩ የበገና አውታሮች ሁሉ ሲመቱ...

ወለተ በገና፦ ይቅርታ ጋሼ፣ አሥሩም አይመቱም። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው።

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ ተሳስቻለሁ። ሲታርም የማይመቱ አሉት፤ ከላይኞቹ ሥር የተዘረጉ 11 እስከ 13 ቀጫጭን አውታሮች። በራጋው ድምፆች ይቃኛሉ፣ ላይኛው ሲመታ ሳይነኩ አብረው ያስተጋባሉ።

ወለተ በገና፦ ሳይነኩ?

መልስ፦ ሳይነኩ። አጠገቡ ብታዜሚ እንኳ ይመልስልሻል።

ሽመል፦ ጆርጅ ሃሪሰን የተማረው ግን ይህንን...

ወለተ በገና፦ ተወው እባክህ። ጋሼ፣ የእኔ በገና ላይስ ምን ልሞክር?

መልስ፦ ከአንዱ አውታር እንዚራውን አውጥተሽ ምቺው። ንቧ ስትጠፋ ትሰሚያለሽ። ከዚያ መልሰሽ አስገቢው።